ፊደሉ ተዘበራረቀብኝ! እስከ ማታ 6 ሰዓት መላክ አለብኝ

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)፦ እባካችሁ ድረሱልኝ! ለአንድ መጽሔት አጭር የሳይንስ ልብወለድ ልኬ «አይነበብም፤ አስተካክለሽ በወርድ ላኪ» አሉኝ። እኔ ጋ በደንብ ይነበባል። ታሪኩ ስለ ሐዘን ነው። ልጅቷ የሞተ አባቷን በርኖስ ስትደርብ ይሞቃታል። ክሩ ውስጥ ያለች መሣሪያ የሰውነቱን ሙቀት ይዛ ቀርታለች። የምትሠራው እስከ አርባው ብቻ ነው።

የጣርማበር ልጅ፦ በፒዲኤፍ ላኪው፣ በቃ።

አንኮበሬው፦ የራስሽ አባት ከሆኑ ነፍሳቸውን ይማር። ሐሳቡ ግን አልተዋጠልኝም። ሐዘን በአርባ መች ይበርዳል? ሰማንያ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። ደግሞ ሰውን የሚያጽናናው ሰው ነው። ድንኳን የሚተክለው እድር፣ ንፍሮ የምትቀቅለው ጎረቤት የት ሄዱ?

ጠያቂ፦ የራሴው አባት ነው፣ ጋሼ። እድሩም ጎረቤቱም አሉ። እኔ የጻፍኩት ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ ያለውን ሌሊት ነው። በርኖሱ የመንዝ ነው፤ አንገቱ ጋ አሁንም ጢስ ጢስ ይላል። እባካችሁ ፊደሉን!

ባና ለባሿ፦ ፒዲኤፍ አድርጊው እህቴ።

ጠያቂ፦ በወርድ ነው ያሉኝ እኮ!

የኮምፒውተር መምህር፦ እነሱ ጋ የሚታየው ባዶ ሳጥን ነው ወይስ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት? ሳጥን ከሆነ ጽሑፍሽ ደህና ነው፤ የጎደለው የእነሱ ኮምፒውተር ላይ የግዕዝ ፎንት ነው። ምልክት ከሆነ ግን በድሮ ፎንት ነው የተጻፈው። ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን የሚለዩበት የጋራ የቁጥር ሥርዓት) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፕሮግራሞች አማርኛውን በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ነበር የሚያስቀምጡት። ስለዚህ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር እንግሊዝኛው ይወጣል። ኒያላ የሚባለውን የዩኒኮድ ፎንት መርጠሽ ብትቀይሪውም አይስተካከልም።

ጠያቂ፦ ምልክት ነው አሉ። ጽሕፈት ቤት ነው ያስጻፍኩት።

የኮምፒውተር መምህር፦ የፎንቱን ስም ጠይቂያቸው፤ ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር ፕሮግራም ይኖራል። ስንት ገጽ ነው?

ጠያቂ፦ ዘግተው ሄደዋል። 5 ገጽ ነው።

የኮምፒውተር መምህር፦ እንግዲያው በስልክሽ እንደገና ጻፊው። የስልክ አማርኛ ዩኒኮድ ነው። ከዚያ በወርድ አስቀምጪና መጀመሪያ ለጓደኛ ልከሽ አስከፍቺ።

ባና ለባሿ፦ አሁኑኑ ቻርጅ ሰኪ፤ መብራት አይታመንም።

ጠያቂ፦ 3ኛው ገጽ ላይ ደርሻለሁ። ጋሼ አንኮበሬው፣ በርኖሱ ከቀዘቀዘ በኋላ አንዲት ጎረቤት በሩን እንድታንኳኳ አደረግኩ።

አንኮበሬው፦ እሰይ የኔ ልጅ። ንፍሮ ይዛ ትግባ።

የጣርማበር ልጅ፦ 6 አለፈ እኮ። ላክሽው?