ለአራት ወር ልጄ የትኛውን ሳሙና ልግዛ?

እናቶችና አባቶች፣ እባካችሁ ምከሩኝ፤ ግራ ገብቶኛል። ልጄ አራት ወር ሆኗታል። እስከ ሦስተኛ ወሯ ገላዋን ለብ ባለ ውሃ ብቻ ነበር የማጥባት። ከዚያ ከሰፈራችን ሱቅ ሽታው የሚያውድ የሕፃን ሻምፖ ገዛሁ፤ ሳምንት ሳይሞላ ጉንጯና የክርኗ እጥፋት ቀላ፣ ቆዳዋም ሻከረ። ወዲያው አቆምኩት። መቅላቱ ጠፋ፣ ድርቀቱ ግን አለ።

እናቴ «ቅቤ ቀቢያት፣ እናንተን በምን አሳደግኳችሁ?» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ቅቤው ላቧን እንዳያፍነው እፈራለሁ (ለእናቴ ግን ይህን አልነገርኳትም)።

ሽቶ የሌለው፣ ሶዲየም ሎሪል ሰልፌት (አረፋ የሚያወጣ ኬሚካል) ያልገባበትና ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) 5.5 አካባቢ የሆነ እንደሚሻል አንብቤያለሁ። መድኃኒት ቤት ስሄድ ግን የአብዛኛው ጠርሙስ ጽሑፍ በቱርክኛ ወይም በዓረብኛ ነው! «ተፈጥሯዊ» የሚለውም የላቬንደር ዘይት አለበት፤ እሱ ራሱ ሽቶ አይደለም?

ለጸጉርና ለገላ አንድ ዓይነት መጠቀም ይበቃል? በየቀኑ ማጠቤንስ ወደ ሁለትና ሦስት ቀን በሳምንት ልቀንሰው? አዲስ አበባ ውስጥ ሽቶ የሌለው ያገኛችሁ፣ ጠርሙሱ ላይ የትኛውን ቃል እንደምፈልግ ብቻ ንገሩኝ።