ሽመና እችላለሁ፤ የራሴን ሥራ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ (ሸማኔ፣ ሽሮ ሜዳ)

ሰላም ቤተሰብ። ሽመናን ከአባቴ ነው የተማርኩት፣ ዶርዜ እያለሁ። አሁን ሽሮ ሜዳ ለአንድ ነጋዴ እሠራለሁ። ክሩን እሱ ያመጣል፣ ጥለቱን እሱ ይመርጣል፣ እኔ በሠራሁት ልክ ይከፈለኛል። በዓል ሲደርስ ሌሊትም እንሠራለን፤ ክረምት ላይ ሥራው ቀዝቃዛ ነው። ድር ከማድራት ጀምሮ ሁሉንም እችላለሁ፣ ጥለትም ከራሴ አወጣለሁ። ግን ካፒታል የለኝም፤ ዋጋ ማውጣትም አላውቅበትም። ነጋዴውንም ማስቀየም አልፈልግም፤ ልጆቼን የማሳድገው በዚሁ ሥራ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ (ልብስ ሰፊ፣ አዲስ አበባ)

ወንድሜ፣ እንኳን ጠየቅክ። ነጋዴውን አሁን አትልቀቅ። ሥራ በሚቀዘቅዝበት ጊዜ የራስህን ጀምር።

በቀሚስ ግን አትጀምር። ቀሚስ ልክ አለው፣ ሰፊ አለው፣ «ጠበበኝ» የሚል ደንበኛ አለው። ጋቢ ደግሞ አራት ድርብ ስለሆነ ክር ይበላል። ነጠላ ልክ አይጠይቅም፤ ዘርፉን ቋጭተህ ታስረክባለህ።

ሌላው፣ ደንበኛ ማለት ለባሹ ብቻ አይደለም። እኛ ሰፊዎች ሱቅ ውስጥ የማይገኝ ጥለት እንፈልጋለን። አንዲት ሙሽራ ከሚዜዎቿ ጋር ስትመጣ ቀለሙን መርጣ ነው የምትመጣው። በሰዓቱ የሚያደርስልኝ ሸማኔ ካገኘሁ ሌላ ጋ አልሄድም። የጥለትህን ናሙና በትንሽ በትንሹ ሸምነህ ያዝና ሰፊዎች ጋ ዙር። የጥበብ ልብስ የሚመስል የፋብሪካ ህትመት ጨርቅ ገበያውን ሞልቶታል። በርካሽነት ከሱ ጋር አትወዳደር፣ አትችለውም። እሱ የሌለው ያንተ ጥለት ነው።

መልስ (የቀድሞ ሸማኔ፣ አሁን ባለ ሱቅ)

ልጄ፣ ብዙ ሸማኔ የሚወድቀው ዋጋ ላይ ነው። የክሩን ዋጋ ከሽያጩ ይቀንስና የተረፈውን በሙሉ ትርፍ ነው ይላል። የጉልበትህ ዋጋ ትርፍ አይደለም፤ ወጪ ነው።

ለማሳያ ያህል እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም፦ ክር 1,500 ብር። 4 ቀን የፈጀ ሥራ፣ ቀኑን በ600 ብር ብታስበው 2,400። ማግ ለሚያደውርልህና ዘርፍ ለሚቋጭልህ 300። ትራንስፖርትና የቤት ኪራይ ድርሻ 200። ድምሩ 4,400 ነው። 5,200 ብትሸጠው ትርፍህ 800 ብር ነው፤ ለሚቀጥለው ክር የምታስቀምጠው እሱን ነው። የቀን ዋጋህን ለማወቅ አሁን ነጋዴው የሚከፍልህን ለፈጀብህ ቀን አካፍለው። ከዚያ በታች ለራስህ አትሥራ።

ካፒታል የለኝም ላልከው፣ በትዕዛዝ ሥራና ቀብድ ተቀበል። ቀብዱ ቢያንስ የክሩን ዋጋ ይሸፍን። ያለ ቀብድ የማታውቀው ሰው ቀለም መርጦ ቢጠፋ ጨርቁ እጅህ ላይ ይቀራል።

አንድ ነገር አደራ የምልህ ቀለም ነው። ባለቀለም ክር ስትገዛ መጀመሪያ ጥቂቱን ቆርጠህ ሳሙና ባለው ለብ ያለ ውኃ ዘፍዝፈው። ከዚያ ነጭ ጨርቅ ላይ ጭመቀው። ነጩን ካቀለመው ጥለት ላይ አታስገባው። ቀይና ጥቁሩን በተለይ ሳትሞክር አትለፍ። ስንት ቀን የተደከመበት ነጠላ በአንድ እጥበት ሲበላሽ አይቻለሁ፤ ያ ደንበኛ ተመልሶ አይመጣም።

መልስ (የሒሳብ ባለሙያ)

ስለ ወረቀቱ በአጭሩ። ሥራው መደበኛ ሲሆን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ንግድ ፈቃድ ያስፈልግሃል። ከጓደኞችህ ጋር መደራጀት ከፈለግህ ወረዳህ ያለውን የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ጠይቅ። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ ሰኔ መጨረሻ ላይ ፈቃድ ከማውጣትህ በፊት እድሳቱ መቼ እንደሚደርስ አጣራ። ደብተር ግን ዛሬ ጀምር፤ የገባ፣ የወጣ፣ ቀብድ፣ ቀሪ። የሥራውን ገንዘብ ከቤት ወጪ ለይ።

መልስ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)

እኔ ገዢ ነኝ። እዚህ ለጥምቀትና ለፋሲካ ሁላችንም አገር ልብስ እንፈልጋለን። በስልክ ስናዝ የሚያስቸግረን ፎቶው ነው። ጥለቱን ከቅርብ፣ በቀን ብርሃን፣ ጥላ ውስጥ አንሳው። አምፖል ሥር የተነሳ ቀለሙን ይቀይረዋል። ርዝመትና ወርዱን በሴንቲሜትር ጻፍልን። በዓሉ ሲደርስ ሳይሆን ቀደም ብለህ ትዕዛዝ ዝጋ፤ ልብሱን ይዞልን የሚመጣ ሰው እስኪገኝ ጊዜ ይፈጃል። ካልደረሰ አይደርስም በል፤ እኛ የሚያናድደን «ነገ፣ ነገ» የሚለው ነው።

ጠያቂው

እግዜር ይስጥልኝ፤ ብዙ ነገር ነው የገባኝ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ለነጋዴው የሠራሁትን ጥለት ለራሴ ደንበኛ ብሠራው ችግር አለው?

መልስ (የቀድሞ ሸማኔ)

እሱ ያመጣልህን አትንካ። ሽሮ ሜዳ ላይ ወሬ ወዲያው ነው የሚደርሰው፤ ነገ ክር በዱቤ የምትጠይቀውም ምናልባት እሱኑ ነው። አንተ ከራስህ ያወጣኸውን ደግሞ ለእሱ ከማሳየትህ በፊት ናሙናውን ሸምነህ ለይተህ አስቀምጥ። የራስህን ደንበኛ መያዝ እንደጀመርክም ቀድመህ ራስህ ንገረው። የሱን ትዕዛዝ በቀኑ እስካስረከብክ ድረስ አብዛኛው ነጋዴ ጥሩ እጅ ማጣት አይፈልግም።

መልስ (ልብስ ሰፊዋ)

የጥር ሠርግ ትዕዛዝ ከኅዳር ጀምሮ ነው የሚመጣልኝ። ናሙናዎቹን እስከ ጥቅምት አድርስልኝ፤ አንዱን ለሙሽሮቼ አሳያቸዋለሁ።