ሰማዩ ላይ ቁጥር የታተመበት ኔጋቲቭ፦ የትኛው የፊልም አምራች ይታመናል?

ጠያቂ፦ አስቸኳይ ነውና እባካችሁ ተባበሩኝ። አሁን አጥቤ ባወጣሁት ጥቁርና ነጭ ኔጋቲቭ ላይ፣ በተለይም ሰማዩ ባለበት ክፍል፣ ፈዘዝ ያሉ ቁጥሮችና ነጥቦች ይታያሉ። ነገ ጠዋት የማነሳው ሥራ አለብኝ፤ የቀሩኝ ጥቅሎችም አብረው የተገዙ ናቸው። ከጥቅል ጥቅል የማይለዋወጥ ፊልም የሚያመርተው የትኛው ኩባንያ ነው?

ጨለማ ክፍል፦ በመጀመሪያ ጥራትና ወጥነት የተለያዩ መሆናቸውን መገንዘብ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1921 የተመሠረተው የቼኩ ፎማ የሚያመርተውን ፎማፓን 100 የተባለውን ፊልም ብንወስድ፣ የብርሃን መለኪያው አንድ ሰከንድ ካለ ፊልሙ ለሁለት ሰከንድ፣ አሥር ሰከንድ ካለ ደግሞ ለሰማንያ ሰከንድ ብርሃን እንዲያገኝ አምራቹ ራሱ በሰንጠረዡ ያዝዛል። ይህ የፊልሙ ጠባይ እንጂ ጉድለት አይደለም፤ ጠባዩን ያወቀ ሰው አስቀድሞ ሊያስተካክለው ይችላል። ወጥነት የጎደለው የሚባለው ትናንት የሠራው ስሌት ዛሬ ሳይሠራ ሲቀር ነው።

አጣቢው፦ የማቆሚያው አሲድ (የፊልም ማጠቢያውን ኬሚካል ሥራ የሚያስቆመው ፈሳሽ) በርትቶ ይሆናል፤ ያቅጥኑት።

ጥቅል 120፦ አሲድ የሚያስከትለው ጥቃቅን ቀዳዳ ነው፤ ቁጥር ሊጽፍ አይችልም። ጠያቂው ባይነግሩንም ፊልሙ 120 የሚባለው፣ ከጀርባ ወረቀት ጋር የሚጠቀለለው ሰፊ ፊልም መሆን አለበት፣ ምክንያቱም 35 ሚሊሜትር የጀርባ ወረቀት የለውም። ቁጥሩ የታተመው በዚያ ወረቀት ላይ ስለሆነ፣ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው ወይም ፊልሙ ሳይታጠብ ሲቆይ ምልክቱ ወደ ፊልሙ ይተላለፋል። ስለዚህ የአምራች ስም ከመጠየቅዎ በፊት የት እንደተቀመጠ ይመርምሩ። ደግሞስ ኢልፎርድንም ርካሹን ኬንትሜርንም የሚያመርተው ያው የእንግሊዙ ሃርማን አይደለምን?

ቀልደኛው፦ ቢያንስ ሰማዩ ስንተኛ እንደሆነ ታውቋል።

አጣቢው፦ አሲዱን ግን ያቅጥኑት።

ጠያቂ፦ አዎን፣ 120 ነው። ለነገ ምን ላድርግ?

ጥቅል 120፦ ሳጥኑ ላይ ከማብቂያ ቀኑ አጠገብ ያለውን የምርት ቁጥር ይመልከቱ፤ ቁጥሩ ከተበላሸው ጥቅል ጋር ተመሳሳይ ከሆነ እነዚያን ጥቅሎች ለሥራው አይጠቀሙባቸው። የ35 ሚሊሜትር ካሜራ ካለዎት እርሱን ይያዙ። ሌላ 120 ካገኙም፣ ከማቀዝቀዣ የወጣ ከሆነ ሳይከፍቱት ጥቂት ሰዓታት ያቆዩት፤ እንዳነሱም ሳይዘገዩ ይጠቡት። የተበላሸውን ኔጋቲቭ ሳይቆርጡ ከሳጥኑ ጋር ለአምራቹ ቢልኩት፣ ስሕተቱ ከፋብሪካው ይሁን ከአቀማመጥ ለመለየት ይረዳል።

ጨለማ ክፍል፦ ስለ ወጥነት የጀመርኩትን ልቀጥልና፣ በአንድ ሥራ ላይ ሁለት የምርት ቁጥር መቀላቀልም ተገቢ አይደለም።