በረዶ የቆፈራቸው የተራራ ሐይቆች፦ ስማቸውና ተረታቸው

የጀጎል ልጅ፦
ሰላም ጎረቤቶች። የእህቴ ልጅ ስለ ሐይቆች አመጣጥ ጽፈሽ ነይ ተብላለች። ሐረማያን እናውቃለን። በረዶ የቆፈራቸው ትንንሽ የተራራ ሐይቆችስ? አገራችን ውስጥ አሉ? ስምና ተረት ካላቸው ደግሞ በጣም ደስ ይላታል።

ከዚራ፦
አቦ፣ ጥሩ ጥያቄ አመጣህ! አሉ እንጂ። ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ ሁሌ የምጀምረው ከባሌው ጋርባ ጉራቻ ነው። በኦሮምኛ ጥቁር ባሕር ማለት ነው። 3,950 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ገደል ሥር ተኝቷል። በበረዶ ዘመን እዚያ የበረዶ ግግር ነበር። ግግሩ ቁልቁል ሲንሸራተት የያዘው ድንጋይ መሬቱን እየፋቀ ጎድጓዳ አደረገው። በረዶው ሲቀልጥ ጉድጓዱ ውሃ ያዘ።

እኔን የሚገርመኝ ጭቃው ነው። ተመራማሪዎች ከሐይቁ ሥር ጭቃ በቱቦ አወጡ። በየንብርብሩ የተቀበረውን የአበባ ብናኝ አይተው፣ በሺዎች ዓመታት ውስጥ ተራራው ላይ ምን ይበቅል እንደነበር አወቁ። ይሄን ሳትጽፍ እንዳትቀር!

ለተረቱ ቡልጋሪያ ትሂድ። ሪላ ተራራ ላይ በረዶ የሠራቸው ሰባት ሐይቆች አሉ። የአንዱ ስም እንባ ነው፣ የአንዱ ዓይን፣ የአንዱ ኩላሊት፣ የአንዱ መንታ። የአገሬው ሰው ሁለት ግዙፋን ይዋደዱ ነበር፣ ሐይቆቹም የሐዘን እንባ ናቸው ይላል። ፖላንድ ታትራ ተራራ ላይ ደግሞ የባሕር ዓይን የሚባል አለ። ከ50 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ድሮ በምድር ውስጥ ከባሕር ጋር ይገናኛል ይሉ ነበር። እንዲህ ያለ ጥልቅ ውሃ ተራራ ላይ ያየ ሰው ቢል አይፈረድበትም።

ሳቢያን፦
መምህር፣ ሐረማያንስ በረዶ ነው የሠራው?

ከዚራ፦
የለም፣ የኔ ወንድም። እሱ የዝናብ ውሃ ረባዳ ቦታ ላይ ተጠራቅሞ የሆነ ነው። ለመስኖና ለከተማ ውሃ ብዙ ተሳበ፣ ደለልም ሞላው፣ ደረቀ። አሁን ውሃው መመለሱ ልቤን ያሞቀዋል። ልጅቷ የሐረማያን ተረት ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጠይቃ ብትጨምር ግን ከሁሉም ይበልጥብኛል።

የጀጎል ልጅ፦
ኑርልኝ መምህር! ቅዳሜ ሐረማያ እወስዳታለሁ። የሪላውን ዓይን ልሣል እያለች ነው፤ ምን ይመስላል?

ከዚራ፦
ሞላላ ነው። ከሰባቱ በጥልቀት የሚበልጠውም እሱ ነው፣ 37.5 ሜትር። መሐሉን ጠቆር ያለ ሰማያዊ ታድርገው።