የጉልበት ዓይነቶችን ለ4ኛ ክፍል ልጆች በምን ላሳያቸው? (ጅማ)

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ አካባቢ ሳይንስ አስተምራለሁ። ልጆቹ የጉልበት ዓይነቶችን በቃላቸው ይሉታል፤ «ዘነዘናው ሲወድቅ የትኛው ጉልበት ወደ የትኛው ተለወጠ?» ሲባሉ ግን ዝም ነው። ቤተ ሙከራ የለም፣ በክፍል 60 ልጅ አለ። ከፕላስቲክ ጠርሙስ በተሠራ የውኃ ሽክርክሪት ላይ የዲቪዲ ሞተር ገጥሜ ውኃ ባፈስበትም ኤልኢዲዋ (ትንሿ መብራት) አልበራችም። ምን ላስተካክል?

መልስ 1፦
ሰላም መምህር። ሞተሩ ደህና ነው፤ የጎደለው ፍጥነት ነው። ቀይ ኤልኢዲ ወደ 2 ቮልት ትፈልጋለች፣ ነጭ ወደ 3። ከጆግ የሚፈስ ውኃ ሽክርክሪቱን በደቂቃ መቶ ምናምን ዙር ቢያዞረው ነው፤ ሞተሩ ግን 2 ቮልት ለማውጣት በሺዎች መዞር አለበት። ስለዚህ ለያዩዋቸው። የሽክርክሪቱ ዘንግ ላይ ክር አስረው ላጲስ ያንጠልጥሉ፤ ውኃው ሲወርድ ላጲሱ ሲወጣ ከኋላ የተቀመጠውም ያያል። ሞተሩን ለብቻው ይያዙትና 1 ሜትር የስፌት ክር ዘንጉ ላይ ጠምጥመው ባንዴ ይሳቡት። ቀይዋ ብልጭ ትላለች። ካላለች እግሮቿን ያገላብጡ። ክሩ የሚንሸራተት ከሆነ ዘንጉን አንድ ዙር በቁስል ፕላስተር ይጠቅልሉት። የቴፕ ሞተር ግን አይግዙ፤ ብዙዎቹ ውስጣቸው የፍጥነት መቆጣጠሪያ ሰርኪት ስላለ ለዚህ አይሆኑም።

መልስ 2፦
የዘነዘናው ጥያቄ በጣም ጥሩ ነው፣ እንዳይተዉት። 1 ኪሎ ዘነዘና ግማሽ ሜትር ሲነሳ ወደ 5 ጁል (የጉልበት መለኪያ) እምቅ ጉልበት፣ ማለትም ከፍ በማለቱ የተጠራቀመ ጉልበት ይይዛል፤ ሲወርድ የእንቅስቃሴ ይሆናል፤ ሙቀጫው ጋ ሲደርስ ቡናውን ይሰባብራል፣ ይጮኻል፣ ጥቂት ያሞቃል። ልጆቹ «አለቀ» የሚሉት ሙቀቱ በእጅ ስለማይታወቅ ነው። የሚታወቅ ሙቀት ይስጧቸው፦ የልብስ ማንጠልጠያ ሽቦ 20 ሳንቲ ሜትር ቆርጠው፣ ያንኑ ቦታ ከ10 እስከ 15 ጊዜ በፍጥነት አጥፈው ወዲያው ይንኩት። ይሞቃል! ለአምስት ልጅ አንድ ሽቦ ይበቃል። ሳይሰበር ያስቁሟቸው፣ ስባሪው እጅ ይቆርጣል።

መልስ 3፦
ሽክርክሪቱን ካዩ በኋላ ግልገል ጊቤን ያምጡላቸው፣ ጎረቤታቸው ነው። የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ጣቢያ 184 ሜጋ ዋት ነው። ከዚያ የወጣው ውኃ 26 ኪሎ ሜትር ዋሻ አልፎ ሁለተኛውን፣ ባለ 420 ሜጋ ዋቱን ያንቀሳቅሳል። ያው ውኃ ለምን በለጠ? ሁለተኛው ጋ ከበለጠ ከፍታ ስለሚወድቅ። ጆጉን መጀመሪያ ከ20፣ ቀጥሎ ከ60 ሳንቲ ሜትር ያፍስሱና ላጲሱ ስንት ሰከንድ እንደፈጀበት ልጆቹ ራሳቸው ይቁጠሩ።