የእድር ብር ለአእምሮ ሕመም ይውጣ?

ጸሐፊው፦ የእድራችን ውይይት እሁድ ስላልተቋጨ እዚሁ እንጨርሰው። ሐሳቡ ይኼ ነው፦ እያንዳንዱ አባል በወር 30 ብር ይጨምራል። ብሩ የአእምሮ ሕመምተኛ የሚያስታምሙ አባሎችን ለማገዝና በየሦስት ወሩ ባለሙያ ጠርቶ ለመማር ይውላል። የምትቃወሙም ምክንያት ስጡ።

ባለሱቁ፦ እኔ እቃወማለሁ። እድር የቆመው ለቀብር ነው። ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስት፣ በቃ። ዛሬ ለአእምሮ ካልን ነገ ለስኳር፣ ከነገ ወዲያ ለኩላሊት ይባላል። ዘይት ስንት እንደገባ ደግሞ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ነርሷ፦ ጋሼ፣ በኤችአይቪ ጊዜ እድሮች አልጋ የያዘ አላስታመሙም? ወላጅ ያጡ ልጆች አልረዱም? ደግሞ ለኩላሊት ታማሚ ፎቶው ተይዞ መንገድ ላይ ይለመንለታል። ለአእምሮ ታማሚ ፎቶ ይዞ የወጣ ቤተሰብ አይተው ያውቃሉ? ይደብቁታል እንጂ።

ስሜ ይቆይ፦ ወንድሜ ከታመመ 9 ዓመቱ ነው። መጀመሪያ እንጦጦ ማርያም ጸበል ወሰድነው፤ እዚያው ቤት ተከራይተን ሁለት ወር ከረምን። ከዚያ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል። ክኒን ሲጀምር እንቅልፍ ተኛ፣ ሰው ማናገር ጀመረ። ግን እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሻይ ሲይዝ ግማሹ ሱሪው ላይ ነው። እናቴ «መድኃኒቱ ልጄን ሊገድለው ነው» ብላ ሽንት ቤት ጨመረችው። በወሩ ተመልሶ ታመመ።

ነርሷ፦ አይ እህቴ! ለመንቀጥቀጡ እኮ የሚታዘዝ ክኒን አለ። ወይ መጠኑ ይቀነሳል። ዝም ብሎ ማቋረጥ ነው የሚጎዳው። ጸበሉንም ክኒኑን ሳያቋርጥ መጠመቅ ይችል ነበር። ትምህርት የምንለው ይኼንኑ ነው።

ጡረተኛው መምህር፦ ሕክምናው የመንግሥት ሥራ ነው፤ እድር አይተካውም። አማኑኤል ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ አለ፣ ዛሬም ሰው ከክፍለ ሀገር ሌሊት ተነስቶ እዚያ ይሰለፋል። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ አገልግሎቱ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወርድ ነበር ያለመው። እሱን እንጠይቅ።

ስሜ ይቆይ፦ መምህር፣ ጠይቁልን። ግን እናቴ ስንት ዓመቷ ነው ሰርግ ከሄደች። ስትሞት ድንኳን እንደሚተከልላት አውቃለሁ። አሁን የምትፈልገው ቅዳሴ አስቀድሳ እስክትመጣ እሱ ጋ የሚቀመጥ ሰው ነው።

ባለሱቁ፦ ይኼን አላወቅሁም። አዝናለሁ። ግን ልጠይቅ፣ ብሩን ማን ይይዛል? የተረዳው ሰው ስም አይጠራ ከተባለ ሂሳቡን በምን እናጣራ? ያለ ደረሰኝ ብር አላወጣም፣ እንጣላለን።

ነርሷ፦ እዚህ ላይ ልክ ነዎት። ስሙን ሰብሳቢውና ገንዘብ ያዡ ብቻ ይወቁት። መዝገቡ ላይ ቁጥር ይጻፍ፣ ደረሰኙ ከቁጥሩ ጋር ይያያዝ።

መምህሩ፦ 30 ብሩን ግን ለስድስት ወር በፈቃደኝነት እንሞክረው። ግዴታ ሲሆን ሰው ያኮርፋል።

ስሜ ይቆይ፦ ለትምህርቱስ ማን ይመጣል? እኔ አዳራሽ ከገባሁ ሁሉም ያውቅብኛል።

ነርሷ፦ ሁሉም አባል ይምጣ። እንደ ቀብር ስም ይጠራ፣ የቀረ ይቀጣ።

ባለሱቁ፦ ብሩን ገና አልፈረምኩም። ቅጣቱ ላይ ግን እስማማለሁ።

ጸሐፊው፦ እሁድ 8 ሰዓት ድምፅ እንሰጣለን። የወር መዋጮ ያልከፈላችሁ ይዛችሁ ኑ።