ቻይንኛው «ቡና» ላይ ያለችው ካሬ ምንድን ናት?

የሂርማታው ልጅ (ጅማ)፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ጅማ ቆልተን የምናሽገውን ቡና ለቻይናና ለጃፓን ገዢዎች ናሙና ልንልክ ነው። ዲዛይን የሚሠራልን ልጅ ሁለት ሌብል ላከልኝ። የቻይናው ላይ «ቡና» በሁለት ፊደል ተጽፏል፣ ሁለቱም ግራ ጎናቸው ላይ ትንሽ ካሬ አለቻቸው። የጃፓኑ ላይ ቀኝ ቀኙ ያው ሆኖ ካሬዋ ቦታ ሌላ ነገር ገብቷል፣ ሦስት አግድም መስመር በአንድ ቋሚ የተያያዘ። የቱ ነው የተሳሳተው? ነገ ማተሚያ ቤት ይገባል፣ ቶሎ በሉኝማ።

ቻይንኛ ተማሪ፦
ሁለቱም ልክ ናቸው፣ እንዳትነካቸው! ካሬዋ «ኮው» ትባላለች፣ አፍ ማለት ናት። ራዲካል የሚሏት እሷን ነው፤ ፊደሉ ስለምን እንደሆነ ፍንጭ ትሰጣለች። መብላት፣ መጠጣት፣ መዝፈን፣ መጥራት ሁሉም ይዘዋታል። ቀኙ ደግሞ ለድምፅ ነው። «ካፌይ» የውጭ ቃል ስለሆነ ድምፁ የሚቀርበውን ፊደል አመጡና አፍ ለጠፉበት። ሻይ ግን ቅጠል ነውና አናቱ ላይ የሣር ራዲካል ነው ያለው።

ካንጂ ወዳጅ፦
የጃፓኑ የጄድ ራዲካል ነው፣ የከበረው ድንጋይ። ግራ ጎን ሲገባ ነጥቡ ስለሚቀር «ንጉሥ» ከሚለው ፊደል ጋር ይመሳሰላል። ቡናችንን ከአፍ አውጥተው ጌጥ አደረጉት እኮ 😄 ግን ልብ በል፣ ጃፓኖች ዛሬ ቡናን በአብዛኛው በካታካና (የውጭ ቃል በድምፁ የሚጻፍበት የጃፓን ፊደል) «ኮሂ» ብለው ነው የሚጽፉት፣ ካንጂው (ሌብልህ ላይ ያለው፣ ከቻይና የመጣው ፊደል) የድሮ ቡና ቤት ታፔላ መልክ አለው። እኔ ብሆን ካታካናውን በትልቁ፣ ካንጂውን ለጌጥ በትንሹ አደርግ ነበር።

የሂርማታው ልጅ፦
እናመሰግናለን ወንድሜ! አንድ ልጨምር፤ «የምርት አገር» የሚለው ውስጥ አንዱን ፊደል ዙሪያውን የከበበ ትልቅ ካሬ አለ። እሱም አፍ ነው?

ቻይንኛ ተማሪ፦
አይደለም። እሱ አጥር ነው፣ ሌላ ራዲካል። «አገር» የሚለው ፊደል እሱ ውስጥ ነው ያለው። በ1716 የወጣው የካንግሺ መዝገበ ቃላት ከ214ቱ ራዲካሎች አፍን 30ኛ፣ አጥሩን 31ኛ አድርጎ ነው የደረደረው፣ ጎን ለጎን ስለሆኑ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል።

ካንጂ ወዳጅ፦
ልጁ ጽሑፉን ወደ ምስል ቀይሮ ይላክላቸው። ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ ከሌለ ፊደሉ ሁሉ ባዶ ካሬ ይሆናል፣ ያኔ ጆንያ ሙሉ አፍ ታትማላችሁ።